ለደመራው የተቃጠለውን እንጨት በችግኝ እንተካ ብለናል፤ ስንት፣ መቼ፣ ምን እንትከል?

ጥያቄ (የሰፈር ደመራ አስተባባሪ፣ አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ። እኛ ሰፈር በየዓመቱ ገንዘብ አዋጥተን መስከረም 16 ማታ ደመራ እናበራለን። ዘንድሮ ሒሳብ ስንዘጋ ትንሽ ብር ተረፈ። አንዷ ልጅ «በተረፈው ችግኝ ገዝተን የተቃጠለውን እንተካ፣ ለአየሩም ካሳ ይሁን» አለች፤ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ ግን መስማማት አልቻልንም።

እንጨቱ ከነችቦው 300 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ይህን ለማካካስ አንዱ አሥር ዛፍ ይበቃል ይላል፣ ሌላው መቶም አይበቃም ይላል። መሬቱ ገና እርጥብ ስለሆነ በዚሁ ሳምንት እንትከል የሚሉም አሉ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ እሱ ይሻላል የሚልም አልጠፋም። ቦታ ያሰብነው ወይ ወንዙ ዳር ወይ የደብሩ ግቢ ነው። የሠራበት ሰው ቢመክረን።

መልስ (የፊዚክስ መምህር)

በቁጥሩ ልጀምር፣ ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ።

ሙሉ በሙሉ የደረቀ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ሲቃጠል ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የገበያ እንጨት ግን ደረቅ ቢመስልም አንድ አምስተኛው ውኃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእናንተ 300 ኪሎ ውኃው ሲቀነስ 240 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነው፤ ወደ 430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሰጥ ነው።

አሁን «አንድ ዛፍ በዓመት 20 ኪሎ ይስባል» የሚለውን ቁጥር እርሱት። እሱ ለደረሰ ዛፍ የሚነገር ግምት ነው፤ የጉልበት ቁመት ያለው ችግኝ በመጀመሪያ ዓመታቱ የሚይዘው ከቁም ነገር አይገባም። ቀላሉ መንገድ በክብደት ማሰብ ነው። ዛፍ የሳበው ካርቦን የትም አይሄድም፣ ግንዱ፣ ቅርንጫፉና ሥሩ ራሱ ነው። 240 ኪሎ ደረቅ እንጨት ካቃጠላችሁ፣ 240 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚያህል ዛፍ ቆሞ መኖር አለበት። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ የሚደርሱ ሦስት ዛፎች ይበቃሉ ማለት ነው፤ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ከተተከለው ውስጥም የሚሞት አለ። እኔ ብሆን ለአንድ ደመራ 15 ተክዬ ግማሹ እንዲያድግ እጠብቃለሁ። ቆጠራውም በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። እንጨቱ ከየት መጣ? የተቆረጠው ባሕር ዛፍ ከሆነ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት የወጣውን መልሶ ይይዛል። ከተፈጥሮ ደን የተቆረጠ ጥድ ከሆነ ግን ዕዳው እውነተኛ ነው።

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ)

እባካችሁ በዚህ ሳምንት አትትከሉ! መሬቱ እርጥብ መስሎ ያታልላል። ዝናቡ ሊያበቃ ነው፤ ችግኙ ሥሩን ሳይዘረጋ በጋው ይይዘዋል፣ ኅዳር ላይ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ጥር ሳይገባ ደርቋል። የምትተክሉት ሐምሌ መጀመሪያ፣ መሬቱ ጠግቦ ከጠጣ በኋላ ነው። ነሐሴ መጨረሻም ዘግይቷል። ደጃችሁ ላይ አንድ ሁለት ተክላችሁ እያጠጣችሁ ማሳደግ ትችላላችሁ፤ ለወል ቦታ ግን አይሆንም።

እስከዚያ ድረስ ገንዘቡ ሥራ አያጣም። ችግኝ ጣቢያ ሄዳችሁ አሁኑኑ እዘዙ። ወይራና ዝግባ ከዘር ቶሎ አይበቅሉም፣ ሐምሌ ላይ ድንገት መጥታችሁ «ስጡን» ብትሉ የምታገኙት የተረፈውን ነው። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲም ይሁን። የላዩን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን ከምሩ፤ ስትተክሉ መጀመሪያ የላዩ አፈር ከፍግ ጋር ተደባልቆ ይገባል።

ፕላስቲኩን ቅደዱና አውጡ። ይህን የምለው ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው በየክረምቱ ስለማይ ነው፤ ሥሩ እዚያው ውስጥ ተጠምዝዞ ይቀራል። ግንዱ ከአፈሩ የሚወጣበት ቦታ ከመሬት ጋር እኩል ይሁን፣ አትቅበሩት። በእግር ጠቅጠቅ አድርጉና ዙሪያውን ሣር ጎዝጉዙለት።

ጥድ ስትገዙ ደግሞ የሐበሻውን ነው ወይስ የፈረንጁን ብላችሁ ጠይቁ። ችግኝ ላይ ይመሳሰላሉ፣ ሻጩም ሁልጊዜ አይለያቸውም። እናት ዛፉን ማየት ከቻላችሁ የሐበሻው ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ትንሽ ፍሬ አለው፣ የፈረንጁ ፍሬ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ የሚሰነጠቅ ነው።

ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳር አይተከልም፤ ውኃውን ይጠጣዋል፣ ከሥሩም ሌላ ነገር እንደልብ አይበቅልም። ወንዝ ዳር ብርብራ ወይም ጥቁር እንጨት ሞክሩ። ወደ እንጦጦ ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ኮሶ ይስማማዋል።

መልስ (የሰበካ ጉባኤ አባል)

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እኔ የደብሩን ግቢ እመርጣለሁ። ወንዙ ዳር ዛሬ ባዶ ነው፣ ነገ ግንባታ ይመጣና ይነቀላል፤ ወረዳው በጽሑፍ ካልፈቀደ አትድከሙ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ግን በቀላሉ አይቆረጥም። ደቡብ ጎንደር ብትሄዱ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ጥዱና ወይራው የቀረው በየደብሩ ቅጥር ውስጥ ነው።

ሆኖም ዝም ብላችሁ አትትከሉ። አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ፣ መቃብር ያለበትንና ወደፊት ሕንፃ የታሰበበትን ቦታ ያሳዩአችሁ። ጥበቃውንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ትንሽ የሻይ ብርም አስቡለት። ችግኝን የሚገድለው ድርቅ ብቻ አይደለም። ባለፈው ፋሲካ አንዱ የበዓል በጉን ለጋ ወይራ ላይ አስሮት አደረ፤ ጠዋት ስናይ ልጡ ዙሪያውን ተግጦ አልቋል። እሾህ ያላጠራችሁት ችግኝ የናንተ አይደለም።

መልስ (ከሜሪላንድ)

ለእኛ ዲያስፖራዎችም ትንሽ ይታሰብልን። እኔ ለገና አገር ቤት እመጣለሁ፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 23,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአንድ መንገደኛ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻ እንደ አሰላሉ ከ1 ቶን እስከ 2 ቶን፣ ከዚያም በላይ ይባላል። በመምህሩ ስሌት ብቻዬን ከሁለት እስከ አምስት ያህል የሰፈር ደመራ አቃጥዬ ነው የምመጣው! የእኔን ድርሻ ችግኝ ከናንተ ጋር ብጨምርና የበጋውን የውኃ ማጠጫ ብሸፍን ትቀበሉኛላችሁ? ብዙ ሰው ሐምሌ ላይ ፎቶ የሚነሣበትን ችግኝ ይገዛል፣ ለየካቲት ጀሪካን የሚከፍል የለም።

መልስ (ቅርጫ ወዳጅ)

ሰው ሁሉ ደመራው ላይ ዘመተ፤ ዋናውን ማን ይናገር? አንድ ከብት እያመነዠከ በዓመት 30 ኪሎ ገደማ ሚቴን ያወጣል፣ ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። አምስት ዓመት የኖረ በሬ ከ4 ቶን በላይ መሆኑ ነው። ያው በሬው ያርስም ነበርና ሁሉንም በሥጋችን ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ቅርጫዬን ማንም እንዳይነካብኝ ግን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

የምንነካው ነገር አለ፤ ከሰል። በባህላዊው መንገድ፣ አፈር ተጭኖበት፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ለበዓል ወጥ 30 ኪሎ የሚመዝን አንድ ማዳበሪያ የጨረሰ ቤት የደመራችሁን ግማሽ ብቻውን አንድዷል። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ነው፤ ሽንኩርቱን እንኳ በኤሌክትሪክ ምድጃ ማቁላላት ከስንት ችግኝ ይበልጣል። መብራት ካልጠፋ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ተሰብስበን የደብሩን ግቢ መርጠናል። የእኛ 15፣ የሜሪላንዱ ወንድማችን ድርሻ ሲጨመር 60 ችግኝ እናዛለን፣ አብዛኛው የሐበሻ ጥድና ወይራ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለደመራው የሚገዛው የባሕር ዛፍ እንጨት ብቻ ይሆናል፤ ጎማና ፕላስቲክ የሚጥልበትም ይቀጣል። አንድ የቀረን፦ በበጋ ግቢው ውስጥ ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚመጣው። ይበቃል?

መልስ (የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ)

ካጠራቀማችሁ ይበቃል። የሃይላንድ ኮዳ ክዳኑን በመርፌ ብሱና ቂጡን ቆርጣችሁ ከሥሩ አጠገብ ገልብጣችሁ ቅበሩት፤ የሞላችሁት ውኃ በቀስታ ወደ ሥሩ ይወርዳል፣ ፀሐይ አይጠጣውም። ከጥቅምት እስከ በልግ ዝናብ በሳምንት አንዴ ሙሉለት፣ ሁለተኛው በጋ ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ።

ችግኙን ልትወስዱ ስትመጡ ሳጥን ይዛችሁ ኑ። ማዳበሪያ ውስጥ ከከተታችሁት አፈሩ ይፈርስና ሥሩ ይጋለጣል። ጠዋት ኑ፣ የዚያኑ ዕለትም ትከሉ።