በየሳምንቱ ለሚደረግ የጋራ ሩጫ የትኛው ዓይነት መስመር ይሻላል?

የማለዳ ሯጭ፦

ጤና ይስጥልኝ የሩጫ ወዳጆች። ቅዳሜ ጠዋት እየተሰበሰብን 5 ኪሎ ሜትር የምንሮጠው ሰዎች ቁጥራችን እየበዛ ስለመጣ፣ አዲስ መስመር የመምረጡ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጥቶኛል። በእጄ ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ሐይቁን አንድ ጊዜ የሚዞር፣ ሁለተኛው በዛፎች መካከል 2.5 ኪሎ ሜትር ተኪዶ በዚያው መንገድ የሚመለሱበት፣ ሦስተኛው ደግሞ አንዱን ሜዳ ደጋግሞ የሚዞር ነው።

በግሌ የምወደው የሐይቁን ነው፤ ውሃውን በጎን እያየሁ ስሮጥ ርቀቱ አይታወቀኝም። ሆኖም ከመነሻው 400 ሜትር ያህል እንደተሮጠ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የእንጨት ድልድይ አለ። ዝናብ በጣለ ማግስት ስንሞክረው ጣውላው እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር፤ ሯጩም ገና ስላልተበታተነ ከኋላ ያሉት ቆመው ተራ ጠበቁ፤ አንዲት እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ዳር ሲወጡ ማየቴ እስካሁን ያሳስበኛል። እናንተ በየሳምንቱ ብትሮጡበት የማይሰለቻችሁ መስመር ምን ዓይነት ነው? ምክንያታችሁንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሰዓት ያዥ፦

ለብዙ ጊዜ በመድረሻው ላይ ቆሜ ሰዓት የያዝኩ እንደመሆኔ፣ መስመርን የምመዝነው ከውበቱ በፊት በስፋቱ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚካሄደው ፓርክረን የተባለው ሳምንታዊ ነጻ የ5 ኪሎ ሜትር የጋራ ሩጫ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2004 ለንደን በሚገኘው ቡሺ ፓርክ ሲጀመር፣ መሥራቹ ፖል ሲንተን-ሂዊት ይዘዋቸው የወጡት ሯጮች 13 ብቻ ነበሩ፤ የአገባብ ተራቸውም የሚታወቀው ቁጥር በተመታባቸው የብረት ሮንዴላዎች ነበር። ለ13 ሰው የትኛውም ቀጭን መንገድ ይበቃል። ዛሬ ግን በዚያው ፓርክ በአንድ ጠዋት ከ1,000 በላይ ሰው ይሮጣል፤ ያን ሁሉ ሰው ማስተናገድ የቻለው ቦታው ሜዳማና ሰፊ በመሆኑ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከመነሻው ቀጥሎ ያለው መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ሹል መታጠፊያም ሆነ ድልድይ የሚመጣው ፈጣኑና ዝግተኛው ከተለያዩ በኋላ መሆን አለበት። ሜዳውን ደጋግሞ መዞር ለአስተባባሪ ይመቻል፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ በአንድ መታጠፊያ ቆሞ ሁሉንም ዙር ይጠብቃል፣ የተጎዳ ሰው ቢኖርም ቶሎ ይደረስለታል። ችግሩ የሚመጣው መሪዎቹ የኋለኞቹን መደረብ ሲጀምሩ ነው፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ግጭት አይቀርም፣ ዙር የሚሳሳተውም ብዙ ነው። አራት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላቸው መድረሻ የገቡ ሰዎችን ውጤት ለማስተካከል የደከምኩባቸው ጠዋቶች ጥቂት አይደሉም።

የኋላ ደጀን፦

እኔ ከሁሉ የመጨረሻ ሆና የምትራመደው በጎ ፈቃደኛ ነኝ፤ ፓርክረን ላይ ይህ ሥራ የተመደበው ማንም ተሳታፊ መጨረሻ ወጣሁ ብሎ እንዳያፍር ነው። ከዚያ ቦታ ሆኜ ስመለከተው ደርሶ መልሱን የሚያክል መስመር የለም። ሐይቁን አንድ ጊዜ ስንዞር መሪዎቹን የማያቸው ሲነሱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከፊታችን ባዶ መንገድ ይቀራል። በደርሶ መልስ ግን ፈጣኖቹ ሲመለሱ ፊት ለፊት እንገናኛለን። ትንፋሽ አጥሯቸው እንኳ «በርቱ!» ይሉናል፣ እኛም እናጨበጭብላቸዋለን። በመጀመሪያ ቀኗ ልታቋርጥ የነበረች አንዲት ሴት፣ የማታውቀው ሰው በመዳፉ መዳፏን መትቶ ሲያልፍ ፊቷ ሲፈካ ከጎኗ ሆኜ አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች።

የኤድንብራው ፓርክረን በክራመንድ የባሕር ዳርቻ ሄዶ የሚመለስ ሜዳማ መስመር ነው፤ ለደርሶ መልስ ጥሩ አብነት ይመስለኛል። ነገር ግን ሁለቱ አቅጣጫዎች እንዳይጋጩ ሁሉም በአንድ ጎኑ የሚጓዝበት ስፋት ያስፈልጋል፤ በመመለሻው ኮን ዘንድም ሰው መቆም አለበት፣ አለበለዚያ ሳይደርስ የሚዞር አይጠፋም።

ዳገት ወዳድ፦

ሁላችሁም ሜዳማውን መስመር ብቻ አነሳችሁ፤ እኔ ግን በየሳምንቱ የሚስበኝ ዳገት ያለበት መስመር ነው። በእንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት የሚገኘው የዊንላተር ደን ፓርክረን መጀመሪያ ሽቅብ አስወጥቶ ኋላ ቁልቁል ያስወርዳል፤ እዚያ የሚመዘገብ ሰዓት ከሜዳማው ጋር አይወዳደርም፣ ሰውም ራሱን የሚያወዳድረው ካለፈው ሳምንቱ ጋር ብቻ ይሆናል።

ወደ ጠያቂያችን ልመለስና፣ የሐይቁን መስመር በድልድዩ ምክንያት እንዳይተዉት እለምንዎታለሁ። መስመሩ ክብ ስለሆነ መነሻውን የትም ማድረግ ይችላሉ። አቅጣጫውን ብቻ ቢገለብጡ ድልድዩ መድረሻው አጠገብ ይመጣና ሰው በሙሉ ፍጥነት ይገባበታል፤ ይህ የባሰ ነው። መነሻውን ወደ ሐይቁ ማዶ ቢያዛውሩት ግን ድልድዩ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ይውላል፤ በዚያን ጊዜ ሯጩ እንደ ክር ተስቦ አንድ በአንድ ይደርስበታል።

ርቀቱንም በእጅ ሰዓት ብቻ አይለኩ፤ ዛፍ ሥር የጂፒኤስ ምልክት ስለሚዛባ ሁለት ሰዓቶች ሁለት ርቀት ይናገራሉ። የመለኪያ ጎማ ተውሰው፣ መታጠፊያዎቹን በአጭሩ መንገድ በውስጥ ጠርዝ በኩል እየያዙ ሁለት ጊዜ ይለኩት። ለውድድር መስመር የሚለኩ ባለሙያዎች እንዳያጥር በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ይጨምራሉ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር መሆኑ ነው።

የማለዳ ሯጭ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መነሻውን ማዛወር ከቶ አልታሰበኝም ነበር። ማዶ ያለው ሣር ሰፊ ነው፤ ከዚያ ተነስተን መጀመሪያ 300 ሜትር ያህል በቀጥታ መሮጥ ይቻላል። ነገ ጠዋት የመለኪያ ጎማ ይዤ እዞረዋለሁ፤ ዝናብ ከጣለም የደርሶ መልሱን መስመር እንደ ተጠባባቂ አዘጋጃለሁ። የኋላ ደጀን፣ ያነሱት ነገር ስለከነከነኝ፣ ቀድመው የገቡት ሯጮች ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ድልድዩ ተመልሰው የኋለኞቹን እንዲያበረታቱ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። ይህ ከልምድዎ አንጻር የሚሠራ ይመስልዎታል?

የኋላ ደጀን፦

ይሠራል። ድልድዩ ላይ ግን እንዳይቆሙ አደራ፤ ከድልድዩ ወዲህ፣ ሣሩ ላይ ይቁሙ።