ጥቆማ፦ እያንዳንዱ ዘፈን የሌላ ባንድ የሚመስል የፎክ ሮክ አልበም

ጆሮ ጠቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ዓመት የምወደው የፎክ ሮክ (የባህል ዘፈንን ከሮክ ጋር የሚያዋህድ) ባንድ አዲስ አልበም አወጣ። ሳምንት ሙሉ ሰማሁት፤ አልገባ አለኝ። የመጀመሪያው ዘፈን አንድ አኮስቲክ ጊታር ብቻ ይዞ የሚንሾካሾክ ነው። ሁለተኛው በድራምና በኤሌክትሪክ ጊታር ግድግዳ ይነቀንቃል። ቀጥሎ ቫዮሊን ያለበት ጭፈራ፣ ከዚያ ሲንተሳይዘር፣ መጨረሻ ላይ ድምፃዊው ፒያኖ ላይ ብቻውን ቀርቶ ሊያለቅስ ይደርሳል። 12 ዘፈን፣ 12 ባንድ። ከጓደኞቼ ግማሹ «እስከ ዛሬ ከሠሩት ሁሉ ይበልጣል» ይላል። ግማሹ «አለቀላቸው» ይላል። እኔ መሃል ላይ ቀርቻለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እንዲህ ስልት እየቀያየረ የተሳካለት የፎክ ሮክ አልበም ጠቁሙኝ፤ ጆሮዬን ላለማምደው። ሁለተኛ፣ አዲሱን በሸክላ ልግዛው ወይስ ስልኬ ላይ ያለው ይበቃኛል? የባንዱን ስም ሆን ብዬ ነው ያልጠራሁት። ከጠራሁት ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚሆነው።

ባንጆ ይመለስ
ስሙን ባትጠራውም ገብቶናል ወንድሜ። ማምፎርድ ኤንድ ሰንስ ናቸዋ! በ2009 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ባንጆው (ያ ክብ ሆድ ያለው ባለ አውታር መሣሪያ) እንደ ባቡር ነበር የሚሄደው። በ2012 ያወጡት ሁለተኛው ደግሞ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወሰደ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ከዚያ በ2015 ምን አደረጉ? ባንጆውን አስቀምጠው ኤሌክትሪክ ጊታር አንጠለጠሉ። እኔ የዚያን ጊዜ ነው የተቀየምኳቸው። እስካሁን አልታረቅንም።

ጆሮ ጠቢ
እነሱ አይደሉም። ደግሞ ወንድም ሳልሆን እህት ነኝ።

ባንጆ ይመለስ
ይቅርታ እህቴ። ግን ባንጆ አለው?

ማታ ማታ
ወደ ጥያቄው ልመለስ። ከፌርፖርት ኮንቬንሽን ጀምሪ። የእንግሊዝ ባንድ ነው፤ በ1969 ብቻ ሦስት አልበም አውጥተዋል። ሰው ሁሉ የሚጠቁመው ሦስተኛውን፣ «ሊጅ ኤንድ ሊፍ»ን ነው። ላንቺ ጥያቄ የሚሆነው ግን ሁለተኛው ነው፤ «አንሃፍብሪኪንግ» ይባላል።

እዚያ ላይ ሦስት የቦብ ዲላን ዘፈኖች አሉ። አንዱን በፈረንሳይኛ ነው የዘፈኑት። ምቱን ጠጋ ብለሽ ስሚው፤ የተደራረቡ ወንበሮችን ጀርባ እየመቱ ነው። መጨረሻው አካባቢ የሆነ ነገር ሲሰባበር ይሰማል። አላጠፉትም፤ እንዳለ ተዉት። እዚያው አልበም ላይ ደግሞ 11 ደቂቃ የሚፈጅ የድሮ የመርከበኛ ዘፈን አለ። ሲጀምር ድምፃዊቷ ሳንዲ ዴኒ ብቻዋን የምትዘፍን ነው የሚመስለው። ከዚያ ጊታሩና ቫዮሊኑ ቀስ ብለው ይገባሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ኋላ ላይ ይጣላሉ። እኔ ስሰማው እጄ ላይ ያለውን ሥራ ትቼ ቁጭ ነው የምለው።

ቀልድ የሚመስል ዘፈንና እንዲህ ያለ ጉድ በአንድ ሸክላ ላይ! አይበታተንም፤ በአብዛኛው የሷ ድምፅ ነው የሚይዘው። አዲሱንም ስትሰሚ ይህን ፈልጊ። ስልቱ ሲቀያየር የማይቀየረው ምንድን ነው? እሱን ካጣሽው ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው።

ስምንት ዘፈን
«ሊጅ ኤንድ ሊፍ» እንዴት ይዘለላል? ኧረ ተዉ! ስምንት ዘፈን ነው፣ አንዱም አይጣልም። የአገራቸውን የጥንት ዘፈን ወስደው ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ሥር አስገቡት። ያውም በምን ጊዜ? በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከዝግጅት ሲመለሱ መኪናቸው ተገልብጦ ድራም መቺው ማርቲን ላምብል ሞቷል። 19 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ተነስተው ነው ያንን የሠሩት።

ማታ ማታ
እኔም እወደዋለሁ። ግን የጠየቀችው ስልት ስለሚቀያይር አልበም ነው። «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» አንድ መንገድ ይዞ የሚሄድ ነው። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ነው የተለያዩት። ቤዝ የሚጫወተው አሽሊ ሃቺንግስ ወደ ጥንቱ ዘፈን ይበልጥ መግባት ፈለገ፤ ወጥቶ ስቲልአይ ስፓን የሚባል ባንድ መሠረተ። ሳንዲ ዴኒ ደግሞ የራሷን ድርሰት መዝፈን ፈለገች፤ እሷም ወጣች። ሁለቱም እዚያው 1969 ሳያልቅ ነው የሄዱት።

ስምንት ዘፈን
ይሁን። አሁንም ሊጅ ኤንድ ሊፍ ነው መልሱ።

የሸክላ ሽማግሌ
ልጄ፣ ይህ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በማርች 1965 ቦብ ዲላን አንድ አልበም አወጣ። አንደኛው ገጽ ከባንድ ጋር፣ በኤሌክትሪክ ጊታር። ሁለተኛው ገጽ በአብዛኛው እሱና አኮስቲክ ጊታሩ። ሰባት ዘፈን በዚያ፣ አራት በዚህ። ሸክላውን ስትገለብጪው ከአንድ ሰው ቤት ወጥተሽ ጎረቤቱ ቤት የገባሽ ይመስልሻል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከተመልካቹ መሃል ጮኹበት። ዛሬ ብትጠይቂያቸው ሁሉም «እኔ አጨብጭቤ ነበር» ነው የሚሉሽ።

ሦስተኛ ረድፍ
ጋሼ፣ የጮኹት የድምፁ ጥራት መጥፎ ስለነበረ ነው የሚሉም አሉ እኮ።

የሸክላ ሽማግሌ
የሚሉ ሞልተዋል። ሰው ካፈረ በኋላ ምክንያት አያጣም።

ግራ ስፒከር
በሸክላ እንዳትገዢ! ከኔ ተማሪ። ባለፈው ወር አንድ የፎክ ሮክ አልበም በኢንተርኔት አዘዝኩ። ማንም ያልነካው፣ እንደታሸገ ነው የመጣው። አውጥቼ ማጫወቻው ላይ ሳስቀምጠው ጠርዙ እንደ ባርኔጣ ክንፍ ተነስቷል። መርፌው ወጣ ወረደ፣ ወጣ ወረደ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ማዕበል ላይ ያለች ጀልባ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘለለ። ድምፃዊዋ አንዲት ቃል ይዛ ቀረች፤ ሄጄ እስካነሳው ድረስ አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመቻት።

ለሻጩ ቪዲዮ ቀርጬ ላክሁለት። «ማጫወቻህ ነው» አለኝ። ሌላ ሸክላ አስቀምጬ ቀርጬ ላክሁለት፤ ዝንፍ ሳይል ይሄዳል። «እንግዲያው አቀማመጥህ ነው» አለኝ። የመጣው በዚያው ቀን እኮ ነው!

መርፌ ወጊ
አይዞህ ወንድሜ። በሁለት ወፍራም መስታወት መሃል አድርገህ ላዩ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጫንበትና ሰነባብተህ እየው። ሙቀት ላይ አድርገው የሚሉህን እንዳትሰማ። ሸክላ ፕላስቲክ ነው፤ ትንሽ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከዚያ በኋላ ዘፈኑም አብሮ ይሄዳል።

ግራ ስፒከር
መስታወት ከየት አባቴ ላምጣ? የገዛሁት ሙዚቃ ነው፣ የቤት ሥራ አይደለም።

ታማኝ ደንበኛ
ችግሩ ሸክላው አይደለም፤ ሻጭህ ነው። እኔ ዓመታት ሙሉ ከአንድ ሰው ብቻ ነው የምገዛው። ተጣሞ የመጣ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ፈልግ።

ግራ ስፒከር
ስንት ገዝተህ ታውቃለህ?

ታማኝ ደንበኛ
አራት። አንዱ ትንሽ ይዘላል፣ እሱ ግን የኔ መርፌ ስላረጀ ነው።

ግራ ስፒከር
ሦስቱ ላይ መርፌው አላረጀም?

ታማኝ ደንበኛ
ሰውዬውን ስለማታውቀው ነው። ሸክላ ሲያሽግ ብታየው! ካርቶን በካርቶን ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መጥፎ ዕቃ አይሸጥም።

ሦስተኛ ረድፍ
ጥያቄው ስለ አልበም ነበር መሰለኝ። እስካሁን የመስታወት ውፍረትና የካርቶን አስተሻሸግ ተምሬያለሁ። ቀጥሉ፣ ማስታወሻ እየያዝኩ ነው።

ድምፅ ቀንሱ
ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ እስካሁን የመለሰ የለም። እህቴ፣ ስልክሽ ላይ ስትሰሚ ሻፍል (ዘፈኖቹን እያዘበራረቀ የሚያጫውተው) በርቶ ነበር? ሌላው አልበም ላይ ሻፍል ብዙም ላይጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ላይ ግን ዘፈኖቹ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል ግማሽ ሥራ ነው። ከጩኸቱ ቀጥሎ ሹክሹክታው የመጣው ታስቦበት ነው። አዴል በ2021 አልበሟን ስታወጣ ይህንኑ ብላ ነው ስፖቲፋይ የአልበም ገጽ ላይ ሻፍሉን ዋናው ቁልፍ ከመሆን ያወረደው።

ሌላም አለ። አፖቹ የዘፈኖቹን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። ስፖቲፋይ ላይ አልበሙን በቅደም ተከተል ከሰማሽው አልበሙን በጅምላ ነው የሚያስተካክለው፤ ዝግ ያለው ዝግ እንዳለ፣ ጩኸቱም ጩኸት እንደሆነ ይቀራል። ሻፍል ላይ ከሆነ ግን ዘፈን በዘፈን ያስተካክላል። ያኔ የምትንሾካሾከው ጊታር ከድራሙ እኩል ትጮኻለች። «ሁሉም ሌላ ባንድ» ያሰኘሽ ግማሹ ይኼ ሊሆን ይችላል።

ጆሮ ጠቢ
ሻፍሉ መጀመሪያ ሁለት ቀን በርቶ ነበር፣ አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን በተርታ ነው የሰማሁት። ሲንተሳይዘሩ አሁንም አልተዋጠልኝም። ፒያኖውን ግን ወደድኩት።

መርፌ ወጊ
ፒያኖው መጨረሻ ላይ ነው ካልሽ የሸክላ ነገር የሚያውቅ ሰው ነው የደረደረው። ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል፣ ከዳር እስከ መሃል። ዳር ላይ መርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር ያልፋል፤ መሃል ላይ የተለጠፈው ወረቀት አጠገብ ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ሙዚቃ ባጠረ ቦታ መታጨቅ አለበት። ስለዚህ የሚጮኸውን መጨረሻ ላይ ካስቀመጡት ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ዝግ ያለ ፒያኖ ይሻላል። ያም ሆኖ መርፌሽ ርካሽ ከሆነ ያችን ፒያኖ ከስልክሽ በባሰ ልትሰሚያት ትችያለሽ።

ጆሮ ጠቢ
ማጫወቻ የለኝም ገና።

ሦስተኛ ረድፍ
ማጫወቻ ሳይኖርሽ ነው ስለ ሸክላ የምታስጨቃጭቂን?

የሸክላ ሽማግሌ
ተዋት። ሁላችንም መጀመሪያ ሽፋኑን አይተን ነው የገዛነው።

አገር ቤት
እኔ ደግሞ ዊልኮ የሚባለውን ባንድ እጠቁማለሁ። በ2001 የሠሩትን አልበም ኩባንያቸው አልፈልግም አላቸው። እነሱም ድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ለቀቁት። በ2002 ሌላ ኩባንያ አወጣው፤ የሚገርመው ሁለቱም ኩባንያዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ የዋርነር። በአንዱ ኪስ አውጥተው በሌላው ኪስ ገዙት ማለት ነው።

ባንጆ ይመለስ
ዊልኮ ፎክ ሮክ ነው እንዴ?

አገር ቤት
ጥሩ ሙዚቃ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ
ያልተጠየቀ ጥያቄ በሚገባ ተመልሷል።

ማታ ማታ
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ። የሮክ ባንዱን ሌድ ዘፕሊንን በጩኸት ነው ሰው የሚያውቃቸው። በ1970 ያወጡትን ሦስተኛ አልበም ገልብጪና ሁለተኛውን ገጽ ስሚ፤ አብዛኛው አኮስቲክ ነው። ያኔ ብዙዎች ተናደውባቸው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ በቀጣዩ አልበም ላይ አንድ ዘፈን አብራቸው እንድትዘፍን ማንን ጋበዙ መሰለሽ? ሳንዲ ዴኒን። ጊታሩም ማንዶሊኑም በሷ ድምፅ ዙሪያ ሲንጠለጠሉ ትሰሚያለሽ።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ አንሃፍብሪኪንግ፣ በቅደም ተከተል፣ በጆሮ ማዳመጫ። ከዚያ ያንቺን አልበም እንደገና፣ ግን ስድስት ስድስት ዘፈን ከፍለሽ፣ መሃል ላይ ተነስተሽ ውኃ ጠጥተሽ። ሸክላ ሳትገዢ ገለበጥሽው ማለት ነው። ሲንተሳይዘሩ ያኔም ካልተዋጠ ተይው፣ ሁሉንም መውደድ ግዴታ አይደለም።

ስምንት ዘፈን
ከዚያ ሊጅ ኤንድ ሊፍ።

ጆሮ ጠቢ
እሺ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።

ታማኝ ደንበኛ
ሸክላውን ከወሰንሽ የሻጬን አድራሻ በውስጥ ልላክልሽ።

መርፌ ወጊ
ጆሮ ጠቢ፣ ከምን ደረስሽ? ሳምንት ሆነሽ እኮ።

ባንጆ ይመለስ
የባንጆውንም ነገር ሳትነግሪን ጠፋሽ።

ግራ ስፒከር
እሷ ባትመጣም እኔ ዜና አለኝ። ሻጩ በስንት ንዝንዝ ቀይሮ ላከልኝ። ዛሬ ደረሰ። ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በዓይኔ ለካሁት፤ ለጥ ያለ ነው፣ እንደ መስታወት። መርፌውን አሳረፍኩ። የማላውቀው ሰውዬ መዝፈን ጀመረ። ሽፋኑ ያዘዝኩት አልበም ነው፤ ውስጡ ያለው የሌላ ባንድ ሸክላ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ
ጥሩ ነው?

ግራ ስፒከር
ሁለተኛው ገጽ አይከፋም።