ከጅቡቲ የምንጭነው ማዳበሪያ፦ የመኪኖች ቆይታና የክብደት ጉድለት እንዴት ይቀነስ?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ የምሠራው በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ማኅበር የስምሪት ክፍል ነው። መኪኖቻችን በደወሌ በኩል ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ በብትን የገባውንና ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት የሚታሸገውን ማዳበሪያ ይጭናሉ። ሆኖም ወረፋ ሲጠብቁ ቀናት ያልፋሉ፤ ተረካቢው መጋዘንም ለጎደለውና ለተቀደደው ከረጢት ሂሳቡን ከእኛ ይቆርጣል። ወደቡ በእጃችን ባይሆንም ምን ማስተካከል፣ ምንስ መጠየቅ እንችላለን?

መልስ (በወደብ ጭነት ሥራ የቆየ አባል)፦
ወንድሜ፣ አስቀድመው ጊዜው የሚባክነው የት እንደሆነ ይለዩ። እያንዳንዱ ሹፌር የተመዘገበበትን፣ የተጠራበትን፣ በር የገባበትን፣ መጫን የጀመረበትንና የወጣበትን ሰዓት ይጻፍ። አንድ ማሸጊያ በደቂቃ 20 ከረጢት ቢያወጣ፣ 400 ኩንታል የሚይዝ መኪና በ40 ደቂቃ ይሞላል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን የቆመ መኪና ችግሩ ከጥሪውና ከሰነዱ እንጂ ከማሽኑ ላይሆን ይችላል። መርከብ ገባ በተባለ ቁጥር መኪኖችን ሁሉ በአንድ ጊዜ መላክ ደግሞ ወረፋውን የሚያስረዝመው ራሱ ነው። የየዕለቱን የማራገፊያ ዕቅድ በአስመጪው በኩል ይጠይቁና መኪኖቹን በዚያው ልክ ከፋፍለው ያሰማሩ። መኪና ጠፍቶ ክሬኑ ሲቆምና መርከቡ ሲዘገይ ዲመሬጅ (መርከቡ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ሲቆይ ለመርከቡ ባለቤት የሚከፈል ገንዘብ) ሊያርፍበት ስለሚችል፣ አስመጪው ጥያቄዎን የሚሰማበት በቂ ምክንያት አለው።

መልስ (ትራንዚተር)፦
ስለ ጉድለቱ ልጨምር። የመርከቡ ጭነት የሚሰላው ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከማራገፉ በፊትና በኋላ በውኃው ውስጥ የሰመጠበትን ጥልቀት በመለካት ስለሆነ፣ ስለ አንድ መኪና ጭነት የሚነግርዎት ነገር የለም። እርስዎን የሚጠብቅዎት መኪናው ባዶውንና ተጭኖ የተመዘነበት ደረሰኝ፣ እንዲሁም ሹፌሩና ጫኚው ቆጥረው የተፈራረሙበት የከረጢት ብዛት ነው። በየፈረቃው መጀመሪያ ጥቂት ከረጢቶች በሌላ ሚዛን እንዲፈተሹ አጥብቀው ይጠይቁ። የተቀደደ ከረጢት ከተጫነም በሰነዱ ላይ ሳይመዘገብ መኪናው ከበር መውጣት የለበትም።

መልስ (የመጋዘን ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ)፦
ጭነቱ ዩሪያ ከሆነ እርጥበቱንም አይርሱ። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ዩሪያ ውኃ ይስባል፣ ኋላም ይጓጉላል፤ ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ የሚያድር መኪና ሸራው እስከ ታች ተስቦ ይታሰር። ጫኝና አውራጅም በመንጠቆ እንዳይጎትቱ በውሉ ላይ ይግባ፤ እኛ ዘንድ ከሚደርሱት ቀዳዳዎች ብዙዎቹ የመንጠቆ ናቸው።