የደመወዝ ፋይል ለሌላ ሰው ተላከብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ዛሬ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ተቻኩዬ የወሩን የደመወዝ ኤክሴል ለኃላፊዬ ላክሁ። የላክሁ መሰለኝ እንጂ። የስማቸውን ሁለት ፊደል ስጽፍ ጂሜይል ራሱ ሞላልኝ፣ እኔም ሳላይ ኢንተር መታሁ። የሄደው ግን ድሮ የፕሪንተር ቀለም ያቀርብልን ለነበረ ሰው ነው፤ ስማቸው አንድ ነው።

ፋይሉ ላይ የ46 ሰው ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥርና ቲን አለ። ፓስወርድ የለውም። የአንዷ ባልደረባዬ የብድር ተቆራጭም እዚያው ተጽፏል፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የላኩትን ለመመለስ ጂሜይል ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው የሚሰጠው፤ እኔ ያወቅሁት ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ነው።

ለሰውዬው ደውዬ ሳትከፍት አጥፋልኝ ልበለው ወይስ መደወሌ ራሱ እንዲከፍተው ያደርገዋል? ጓደኛዬ ዝም በል ይለኛል። እኔ ግን አልዋጠልኝም፣ መረጃው የሰዎቹ ነው። ለኃላፊዬ ነገ ጠዋት ልነግራቸው ወስኛለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር? ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይነገራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እንዴት እንደሚኬድበት ይንገረኝ።

ከእንግዲህ ፋይሉን በፓስወርድ ዘግቼ ፓስወርዱን በስልክ ለመንገር አስቤያለሁ። የሰውዬውን አድራሻም ከኮንታክት አጥፍቻለሁ። ይበቃል? 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ እገባለሁ፣ ከዚያ በፊት ጻፉልኝ።