የሂውስተን ትምህርት ቤቶች መቼ ይመለሱልን?

የሦስት ልጆች እናት፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወንድማችን የተናገረው እስካሁን አልበረደልኝም። የቴክሳስ ስቴት የሂውስተንን ትምህርት ቤቶች እስከ ሰኔ 2027 በራሱ ሥር ይዞ እንደሚቆይ እየተወራ ነበር። እሱ «ውጤቱ ካማረ ማን ቢመራው ምን አገባን?» አለ። ያገባናል እንጂ! በ2023 የቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ ሕዝብ የመረጣቸውን ዘጠኝ የቦርድ አባላት ሥልጣን ነጥቆ ዘጠኝ የራሱን ሰዎች ሾመ። ማይክ ማይልስንም ሱፐርኢንተንደንት፣ ማለትም የትምህርት ቤቶቹ ዋና ኃላፊ አድርጎ አመጣ። ሁለት ዓመት ሲሞላ ሌላ ሁለት ዓመት ተጨመረ። 2027 ሲደርስስ? እኔ የምፈልገው ትምህርት ቤቶቹ ለተመረጠ ቦርድ የሚመለሱበት፣ አስቀድሞ የታወቀ፣ በመሃል የማይቀየር መመዘኛ ነው።

ሹፌሩ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች በሚሰጠው ደረጃ፣ በ2023 ዝቅተኞቹን ዲ እና ኤፍ ያገኙት ትምህርት ቤቶች 121 ነበሩ። በ2025 ኤፍ ያገኘ አንድም የለም፤ ዲ ያገኙት 18 ናቸው። እኔ ሌሊት እየነዳሁ ልጅ የማሳድገው እንዲማርልኝ ነው። የተመረጠው ቦርድ እርስ በርሱ ሲናቆር እኮ ዊትሊ ሃይስኩል ዓመት በዓመት ይወድቅ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦ ዊትሊን ካነሳህ ጨርሰው። ዊትሊ በ2022 ሲ አግኝቷል። ስቴቱ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ2023 ነው። ለመግባቱ ምክንያት የተደረገው ዊትሊ ካለፈ በኋላ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ራሱ ነው?

ሹፌሩ፦ ሕጉ ከ2015 ጀምሮ የታወቀ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት በተከታታይ ከወደቀ ኮሚሽነሩ ወይ ትምህርት ቤቱን ይዘጋል፣ ወይ ቦርዱን ይተካል። ዲስትሪክቱ ስቴቱን ለማገድ ያቀረበው ክስ ለዓመታት ተጓቶ ነው እንጂ ቀድሞ ይገባ ነበር። ዊትሊ ይዘጋ ነበር የምትይው?

ጡረተኛው መምህር፦ «ማን ቢመራው ምን አገባን» የሚለው ላይ ልመለስ። እኔ ማይልስ ካመጣው አዲስ አሠራር በኋላ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ስላይዱ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሰዓት ቆጣሪው ሰሌዳው ላይ ይሮጣል። መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል የምትፈጅ ፈተና አለች። ያለፈው ልጅ ወደ «ቲም ሴንተር» ይሄዳል፤ ያላለፈው እዚያው ይደገምለታል። ቲም ሴንተሩ ድሮ ቤተ መጻሕፍት ነበር። የሚረብሽ ልጅም እዚያው ይላክና ትምህርቱን በኮምፒውተር ይከታተላል። መደርደሪያዎቹ ግድግዳ ጥግ ተገፍተው አይቻለሁ። ወላጅ ይህን ለመቃወም ማን ዘንድ ይሂድ? የተሾመ ሰው ድምፅህን አይፈልግም።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ያ ደቂቃ የሚቆጠርበት ትምህርት ነው ልጄን ያስተካከለው። ሦስተኛ ክፍል ሆኖ አንድ አንቀጽ ማንበብ ያቅተው ነበር። ዛሬ ደብዳቤ የሚያነብልኝ እሱ ነው። መደርደሪያው ሞልቶ ልጁ ካላነበበ ምን ያደርግልኛል?

የሦስት ልጆች እናት፦ ልጅህ እሰይ፣ ይደግልህ። ግን ውጤቱ ይህን ያህል ካማረ ለምን አይመልሱም? ውጤቱ አምሯል ያልከው አንተው ነህ እኮ።

ሹፌሩ፦ መመዘኛው ተጽፏል። ተደጋግሞ የሚወድቅ ትምህርት ቤት አይኑር፤ ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የሚሰጠው አገልግሎት ሕግ ያሟላ፤ ቦርዱ የተማሪ ውጤት ላይ ያተኩር። ሲመለስም አባላቱ ሲሶ ሲሶ እየሆኑ በየዓመቱ ይተካሉ። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ይሁን?

የሦስት ልጆች እናት፦ ሦስተኛውን ማን ይለካዋል? ቦርዱን የሾመው የቴክሳስ ትምህርት ኮሚሽነር ሞራት አይደለም? በ2025 ከዘጠኙ አራቱን ቀይሯቸዋል። ራሱ ይሾማል፣ ራሱ ይቀይራል፣ ደርሰዋል አልደረሱም የሚለውም ራሱ ነው።

ኒውጀርሲ ነኝ፦ እዚህ ያየነውን ልንገራችሁ። ስቴቱ የኒውአርክ ከተማን ትምህርት ቤቶች የያዘው በ1995 ነው፤ የመለሰው በ2018። በ1995 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ራሱ ወላጅ ሆኗል። በአምስት ዘርፍ የሚለካ መመዘኛ ነበር። በአንዳንዱ ማለፊያ ነጥብ መጥቶም ስቴቱ አልለቅም ያለበት ጊዜ ነበር። መመዘኛ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ስታሟላ የማስረከብ ግዴታ የሚያመጣ መሆን አለበት።

ዳላስ ያለሁት፦ የፎርት ወርዝ ትምህርት ቤቶችም ተራቸው ደርሷል፤ ስቴቱ እንደሚይዛቸው በ2025 ጥቅምት ላይ ተነግሯቸዋል። ግን እውነቱን እንነጋገር። ስንቶቻችን ነን የቦርድ ምርጫ የምንወጣው? ግማሻችን ግሪን ካርድ ነን። አገር ቤት ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባ ሲጠራስ ስንት ወላጅ ይሄድ ነበር?

ጡረተኛው መምህር፦ በወመህ አትምጣብን። እኔ ባስተማርኩበት ወረዳ አጥር ያሳጠረው፣ ዴስክ ያስጠገነው ወመህ ነው።

ዳላስ ያለሁት፦ ወመህ መዋጮ ሲሰበስብ ነው የማውቀው። ርዕሰ መምህር ሲመጣና ሲሄድ ማን ጠይቆት ያውቃል?

ጡረተኛው መምህር፦ አለመጠየቁ ልክ ነበር ልትለኝ ነው? እኔም የምለው ይጠየቅ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ዳላስ፣ እኔም ግሪን ካርድ ነኝ። ድምፅ ባልሰጥም የተመረጠ ሰው የጎረቤቴን ድምፅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይሰማኛል። ምርጫው ዛሬም ይካሄዳል፤ የሚመረጡት ግን ሥልጣን የላቸውም። ከ2023 ወዲህ ከ10 ሺህ በላይ ተማሪ ዲስትሪክቱን ለቋል። ሹፌሩ፣ እነዚህ ወላጆች ውጤቱን ስላላዩ ነው የሄዱት?

ሹፌሩ፦ ተማሪ መቀነስ ከዚያ በፊትም ነበር፤ ቤት ኪራዩም ያባርራል። እኔም ልጠይቅሽ። በኅዳር 2024 የ4.4 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ፣ ትምህርት ቤት ለማደስ የሚወሰድ ብድር፣ ለድምፅ ቀርቦ ሕዝቡ ጣለው። ልጆቻችን የተበላሸ ኤሲ ስር የሚቀመጡት ማይልስን ለመቅጣት ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦ አንተ «ማን ቢመራው ምን አገባን» አልክ፤ ከተማው ደግሞ ላልመረጥኩት ሰው 4.4 ቢሊዮን አላምንም አለ። ገንዘቡ የዘገየው በዚህ ነው። ቦርዱን ይመልሱና ቦንዱ እንደገና ይቅረብ፤ «አዎ በሉ» ብላ ቤት ለቤት የምትዞር የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

ሹፌሩ፦ እስከዚያ ልጄ አምስተኛ ክፍል ይገባል። በሙቀቱ ማን ይጠይቅልኛል?

ጡረተኛው መምህር፦ የተሾሙትን የቦርድ አባላት ጠይቅ። የሐሙስ ስብሰባቸው ላይ ለመናገር መመዝገብ ይቻላል። ሄደህ ታውቃለህ?

ሹፌሩ፦ ሐሙስ ሥራ ነኝ።