ኒውዮርክ ያለው የቻይናዎች ሙዚየም ለልብስ ተኳሽ ይሆናል ወይ?

ተኳሹ ከዶሮ ማነቂያ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ አያስደንግጣችሁ፤ ተኳሽ ስል ጠመንጃ ሳይሆን ካውያ ማለቴ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ 32 ዓመት ልብስ ሳጥብና ስተኩስ ኖሬያለሁ። ከኔ በፊት አባቴ እዚያው ቤት ውስጥ ይተኩስ ነበር፤ ሙያውን የለመደው በልጅነቱ ፒያሳ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥሮ ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲነሳ ሱቋም አብራ ተነሳች። አሁን ስድስት ኪሎ በኩል በተከራየሁት አንድ ክፍል ለጥቂት የድሮ ደንበኞች እሠራለሁ።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ልጄ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ነው የምትኖረው። ቪዛው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተሳክቶ ታኅሣሥ ላይ ለአንድ ወር ልሄድ ነው። የምናያቸውን ቦታዎች ዝርዝር ልካልኛለች፤ ሐውልቱ፣ ድልድዩ፣ ረጅሙ ፎቅ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "አባዬ፣ የቻይናዎች ሙዚየም አለ። አሜሪካ የተሰደዱት ቻይናዎች ታሪክ ነው፣ ስለ ላውንደሪም አለበት። ይኼን አንተ ካላየህ ማን ሊያየው ነው?" ትላለች።

ሳቄ መጣ። ቻይና ለማየት ውቅያኖስ ልሻገር? ብሔራዊ ጋ ወርጄ ቀና ብል ንግድ ባንክን የሚያህል ፎቅ ሠርተውልኝ የለም እንዴ?

ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፣ ደረጃ ይፈትነኛል። እንግሊዝኛዬም "ስታርች ይደረግበት?" ከማለት አይዘልም። ሄዶ ያየ ካለ በእውነት ይንገረኝ፤ ለኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ነገር አለው ወይስ ፎቶ ለሚነሱ ልጆች ነው?

የኩዊንሷ፦

ጋሼ፣ ይሂዱ። ልጅዎ አውቃ ነው የላከችልዎ።

እኔ ያደግኩት አራት ኪሎ ነው፤ እናቴ የአባቴን ኮት የምታስተኩሰው እናንተ ሰፈር ነበር። ማን ያውቃል፣ እርስዎው ጋ ይሆናል። ሙዚየሙ ማንሃተን ውስጥ ቻይናታውን ጫፍ ላይ ነው፤ ሴንተር ስትሪት፣ ቁጥር 215። ከብሮንክስ 6 ቁጥር ባቡር ከያዙ ሳይቀይሩ ካናል ስትሪት ይወርዳሉ፤ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው። የሚያስቸግርዎ የባቡር ጣቢያው ደረጃ እንጂ ሙዚየሙ አይደለም፤ ትልቅ ቤት አይደለም። ሁለት ሰዓት ይበቃዎታል።

አሁን ወደ ካውያው ልምጣ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ቻይናዎቹ ካሊፎርኒያ በብዛት መምጣት የጀመሩት በ1850 አካባቢ ወርቅ ፍለጋ ነው። ቀጥሎ ከምዕራብ ተነስቶ ተራራውን የሚሰነጥቀውን የባቡር ሐዲድ እነሱ ዘረጉ፤ ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ። ሐዲዱ በ1869 ሲያልቅ ምስጋናው ቀርቶ "ደሞዝ አረከሱብን" ተብለው ከየሥራው ተገፉ። ልብስ ማጠብ ግን ብዙ የሚሻማቸው ያልነበረ ሥራ ነው። ካፒታሉ ትንሽ፣ የሚጠይቀው ቋንቋ ትንሽ። በ1882 የቻይና ሠራተኛ አገር ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ የተነሳው በ1943 ነው። ሚስት ማስመጣት ለአብዛኛው ሕልም ሆነ። ሰውየው ቀን ሱቁ ውስጥ ይተኩሳል፣ ማታ እዚያው ይተኛል፣ ያገኘውን ደቡብ ቻይና ላለ ቤተሰቡ ይልካል። የሚተኩሱበት ካውያ 8 ፓውንድ ስለሚመዝን ኑሯቸው "የ8 ፓውንድ እንጀራ" ተባለ። 3 ኪሎ ከ600 ግራም መሆኑ ነው። በእርስዎ ሚዛን ከባድ ይሁን ቀላል እኔ አላውቅም።

አንድ ታሪክ ደግሞ ለእርስዎ ብዬ። ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በእንጨት ቤት ያለ ላውንደሪ ልዩ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ከተማው ውስጥ ከነበሩት 320 ላውንደሪዎች 310ሩ የእንጨት ናቸው። 200 የሚሆኑ ቻይናዎች አመለከቱ፤ አንድም አልተፈቀደለትም። ቻይና ካልሆኑት 80 አመልካቾች ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ይክ ዎ የሚባለው ላውንደሪ ባለቤት እዚያው ቤት 22 ዓመት ሠርቷል፤ ያለ ፈቃድ ሠራህ ብለው አሰሩት። ተከራከረ፣ በ1886 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ረታ። ሕጉ ወረቀት ላይ ሲነበብ ለሁሉም እኩል ነው፣ አፈጻጸሙ ግን ዓይን ያወጣ አድልዎ ነው ተብሎ ተፈረደለት። እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚማረው የአንድ ልብስ አጣቢ ክስ ነው እንግዲህ።

የጎተራው፦

ኧረ ባካችሁ ሽማግሌ አታድክሙ። አባቴ፣ ቻይና ለማየት ከሆነ እኛ ሰፈር ይምጡ፤ ሻይ ጋብዤ በነፃ አሳይዎታለሁ። ለመግቢያ የሚከፍሉትን ለልጅ ልጅ ጫማ ይግዙበት።

አስተርጓሚው፦

የጎተራው ወንድሜ፣ ነገሩ አንድ አይደለም። እኔ ለቻይና ኮንትራክተሮች ስድስት ዓመት አስተርጉሜያለሁ። አብረውኝ የሠሩት በሙሉ በውል የመጡ ናቸው፤ ውሉ ሲያልቅ ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ። ሙዚየሙ የሚያወራው ስለቀሩት ነው፤ የተሰደደ ሰውና የተላከ ሰው ይለያያል። የእናቴ ወገኖች ጋይንት ናቸው። ከወልዲያ ወረታ የሚወስደውን መንገድ በደርግ ዘመን የሠሩት ቻይናዎች ስለሆኑ መንገዱ ዛሬም የቻይና መንገድ ነው የሚባለው። አያቴ ከሠሩት ሰዎች የአንዱንም ስም አታውቅም። አካፋ አግለው እንቁላል ሲጠብሱ ማየቷን ግን እስክትሞት ታወራ ነበር።

ጋሼ፣ እዚያ ሲገቡ ልጅዎን "የወረቀት ልጆች" የሚለውን ፈልጊልኝ ይበሏት። በ1906 ሳንፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በእሳት ስትወድም የልደት መዝገቡ አብሮ ነደደ። ያኔ "እኔ እዚሁ ተወለድኩ" የሚለውን ሰው በምን ያስተባብሉታል? እዚያ የተወለደ ዜጋ ነው፤ ዜጋ የሆነ ደግሞ ልጁን ማስገባት ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ፣ የወንድም ልጅ፣ ጭራሽ የማያውቁት ሰው ልጅ፣ በገንዘብ ልጅ እየሆነ ገባ። ኢሚግሬሽን ነቃ። ከ1910 እስከ 1940 ኤንጀል አይላንድ የምትባል ደሴት ላይ እያቆዩ ያፋጥጧቸው ጀመር። የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? የውሃ ጉድጓዱ በየት በኩል ነው? ልጁ መልሱን ከደብተር ይሸመድድና ከመውረዱ በፊት ደብተሩን ባሕር ውስጥ ይጥላል። የእንጨቱ ግድግዳ ላይ በቢላዋ የቀረጿቸው ግጥሞች እስከ ዛሬ አሉ።

ዲቪ ደርሶት "ሚስቱን" ይዞ፣ የአማቱን ስም መንገድ ላይ እያጠና ኢንተርቪው የገባ ሰው የምታውቁ እጃችሁን እንዳታወጡ።

ከሜልበርን፦

ወደዚህ የሚመጣ ካለ እኛም ጋ የቻይናዎች ሙዚየም አለ። ሊትል በርክ ስትሪትን ታጥፎ ኮኸን ፕሌስ የምትባል ቅያስ ላይ፤ በፈረንጅ ከ1985 ጀምሮ። ልጆቼ የሚወዱት በአዲስ ዓመታቸው ሰው ተሸክሞት የሚወጣውን ዘንዶ ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በ1855 ቪክቶሪያ፣ ሜልበርን ያለችበት ግዛት፣ በመርከብ በሚመጣ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለች። እነሱ ምን አደረጉ? ሮብ የምትባል የደቡብ አውስትራሊያ ወደብ ወርደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ እስከ ወርቁ ድረስ በእግራቸው መጡ። በመተማ አድርጎ ሱዳን የገባው አጎቴ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

ተኳሹ ከዶሮ ማነቂያ፦

ሄጄ ተመለስኩ። ብርዱን አላወራም።

የኩዊንሷ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁሉም እንዳልሽው ነው። ካናል ላይ ያለው ደረጃ ግን አንቺ ካልሽውም ይብሳል፤ ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የወጣሁት። ልጄ ሌሊት ሠርታ አድራ፣ ሳትተኛ ነው ይዛኝ የሄደችው።

ቤቱ ድሮ የማሽን መጠገኛ ነበር አሉ። መሃሉ ላይ ከላይ ብርሃን የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ፣ እንደ ግቢ ነገር። ጡቡን ሳይለስኑ እንዳለ ትተውታል። ማያ ሊን የምትባል አርክቴክት ናት አሉ እንዲህ ያደረገችው። እኛ ብንሆን በማግስቱ ሴራሚክ ለጥፈንበት ነበር።

ልጄ እያነበበች ትነግረኛለች። የወረቀት ልጆቹ ጋ ስንደርስ ዝም አለች። ምክንያቱን ታውቃላችሁ፣ አልጽፈውም። የድሮውን የቻይናዎች ሱቅ ነገር ስትነግረኝ ግን አቋረጥኳት፤ ደብዳቤ እዚያ ይደርሳል፣ ብር እዚያ ይላካል፣ ሥራ የፈታ እዚያ ቁጭ ብሎ ይውላል ስትለኝ፣ "ይኼማ የኛው አረብ ቤት ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ። ዘበኛው ዞር ብሎ አየኝ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው የመናዊ ባለሱቅ የግማሹን ሰፈር አደራ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ የአባቴንም ጭምር።

ትንሽ ቆይቶ ልጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። አልቀሰቀስኳትም። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብቻዬን ነው ያየሁት፤ የላውንደሪውን ነገር ደግሞ ማንም እንዲያስተረጉመኝ አልፈለግኩም።

ካውያው እንደኛ ከሰል ሆዱ ውስጥ የሚጨመርበት አይደለም፣ ድፍን ብረት ነው። ስለዚህ ምድጃ ላይ መጋል አለበት፤ ምድጃ ላይ ከጋለ ደግሞ በአንድ ካውያ አይሠራም፣ አንዱ ሲበርድ ሌላው መድረስ አለበት። ክረምት ከበጋ ያ ምድጃ ሲነድ ይውላል ማለት ነው፣ ሰውየው እዚያው ነው የሚያድረው። ከኛ የሚሻለው በአንድ ነገር ነው፤ አመድ አይተፋም። የአባቴ ካውያ በጎኑ ቀዳዳ እፍኝ ብናኝ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካፈሰሰ እንደገና እጥበት ነው። አባቴ ካውያውን ከማሳረፉ በፊት ፊቱን አዙሮ፣ ደጅ ወጥቶ እፍ ይልበት ነበር። እዚያ ቆሜ እኔም እፍ ማለት ቃጣኝ። ቀኝ እጄን ዘርግቼ አየሁት፤ ከመሃል ጣቴ ሥር ያለው መጅ ከዚያ እጀታ የመጣ ነው።

ሙዚየሙ እንዴት እንደተጀመረ ልጄ ስትነቃ አነበበችልኝ። በፈረንጅ በ1980 ሁለት ሰዎች፣ ጃክ ቼን እና ቻርሊ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ሲሞቱና ሱቆቹ ሲዘጉ መንገድ ዳር የሚጣለውን ሻንጣ፣ ደብዳቤ፣ የሱቅ ሰሌዳ ከቆሻሻ እየለቀሙ ማስቀመጥ ጀመሩ። ዕቃው 85 ሺህ ደረሰ። ጥር 2020 ላይ፣ በፈረንጅ፣ ያስቀመጡበት ሌላ ሕንፃ ተቃጠለ። ጠፋ ብለው አልቅሰው ነበር፤ በኋላ አብዛኛው በእሳት ማጥፊያው ውሃ ርሶ ተገኘና አንድ በአንድ አደረቁት። ወረቀት ማድረቅ ከልብስ ይከብዳል፤ ቶሎ ካልሆነ ይሻግታል።

እኛ ስንነሳ የአባቴን የመተኮሻ ጠረጴዛ ለማገዶ ሰጠሁት። ዝግባ ነበር፤ እሱ የሚቆምበት በኩል ጠርዙ ከሆዱና ከክርኑ ብዛት ጎድጉዷል። ማንም አላስገደደኝም፣ ማስቀመጫ የለኝም ብዬ ነው። የደንበኛ ደብተሮቹንም አብሬ። "ቡኒ ካፖርት፣ የሲኒማ ኢትዮጵያው፣ አንድ ቁልፍ ጎድሏል" የሚል በአባቴ እጅ ጽሑፍ የነበረባቸው ናቸው። አሥራ ምናምን ደብተር። አንድ ሱሪ የሚያህል ቦታ እንኳ አይዙም ነበር።

የጎተራው፦

አባቴ፣ ያኔ ቀልዴን ነው፣ ይቅርታ። ካውያውስ? እሱንም ሰጡት እንዳይሉኝ። ካለ መስቀል አደባባይ ላለው ለአዲስ አበባ ሙዚየም ይውሰዱት እንጂ!

ተኳሹ ከዶሮ ማነቂያ፦

ካውያው አለ። ክዳኑን የምትይዘው መቆለፊያ ዶሮ ቅርጽ ያላት ናት፤ አባቴ "ዶሮ ማነቂያ ላይ ያልታነቀች አንዲት ዶሮ" ይላት ነበር። ሙዚየም አልሰጣትም፣ ጡረታ አልወጣችም። መብራት ሲሄድ በሷ ነው የምሠራው፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ የሠርግ ሱፍ ሦስት ተኩሼባታለሁ።

የ8 ፓውንዱ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ትናንት በፌስታል ይዤያት ጎረቤቴ ሥጋ ቤት ሄድኩና ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ባዶዋን 3 ኪሎ ከ200፤ ከሰሉን ስሞላባት ከቻይናዎቹ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። ባለሥጋ ቤቱ ቢላዋውን እየሳለ አየኝና "ለጥብስ ነው ለክትፎ?" አለኝ።