የግድግዳ ሥዕሉ ከሥር እየተላጠ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ አካባቢ ባለ የማኅበረሰብ የሥነ ጥበብ ማዕከል በበጎ ፈቃድ የሠራነው የውጭ ግድግዳ ሥዕል፣ ከመሬት እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀለሙ እያበጠ ይላጣል። ከዚያ በላይ ያለው ደህና ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ልስኑ ሲሚንቶ ነው። የተላጠውን ቅርፊት ገልብጣችሁ ብታዩት ጀርባው ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አለ።

ነጩ ነገር ጨው ነው። እርጥበቱ ከመሠረቱ ወደ ላይ ሲሳብ ይዞት ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ከቀለሙ ሥር ይቀርና ይገፋዋል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገን አክሪሊክ (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ቀለም) ብንደግመውም ጨዉ ተመልሶ ወጣ። በውሃ ማጠብ ግን ጨዉን አሟሙቶ መልሶ ልስኑ ውስጥ ስለሚያስገባው አልነካነውም።

የታችኛውን ልስን እስከ 1 ሜትር ፈንቅለን በኖራ ብንለስነውስ? ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፤ አክሪሊክ ከላዩ ከተቀባ ግን መልሶ ያፍነዋል ብዬ እሰጋለሁ። በኖራ ልስን ላይ የሠራችሁ ምን ቀለም ተጠቀማችሁ? በውሃ በደንብ የቆየ ኖራስ እዚህ ከተማ የት ይገኛል? የልጆቹ የእጅ አሻራ ያለው እዚያው ታች ስለሆነ፣ ከመፈንቀላችን በፊት በላስቲክ ላይ ልኩን ገልብጠን እናስቀራለን። ክረምቱ ሳይገባ ብትመልሱልን በጣም እናመሰግናለን።